የአንድ ቀኗ አይጥና የሦስት ቀኗ አይጥ

«ሲዲ ፎርህ ስንት ገባ?» በ1997 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር፣ ይህ ጥያቄ በየሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሰላምታ አይተናነስም ነበር። ያኔ ቁጥሩ ከ200 በታች የወረደ መድኃኒት ይጀምር ነበር፤ ያልወረደ ቆይቶ እንዲመለስ ይነገረው ነበር። ብዙዎች ቁጥራቸውን በቃላቸው ይይዙታል እንጂ ምን እንደሚቆጠር የሚጠይቅ ጥቂት ነበር።

የሚቆጠረው ቲ ሴል የሚባል የነጭ የደም ሴል ዓይነት ነው። ሲዲ ፎር ደግሞ አንደኛው የቲ ሴል ወገን በገላው ላይ የሚሸከመው መለያ ፕሮቲን ነው። «ቲ» የተባለበት ምክንያት ሴሎቹ ተኮትኩተው የሚያድጉት ታይመስ በሚባል ዕጢ ውስጥ በመሆኑ ነው። ታይመስ ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ ከፍ ብሎ ይገኛል። በልጅነት ትልቅ ነው፤ ከጉርምስና በኋላ እየከሳ ቦታውን ለስብ ይለቅቃል። ልብ፣ ሳንባና ኩላሊት ሥራቸው ከታወቀ ዘመናት ሲያልፉ የዚህ ዕጢ ጥቅም ግን እስከ 1961 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ለሐኪሞች እንቆቅልሽ ነበር።

እንቆቅልሽ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሕፃን በእንቅልፉ ድንገት ሲሞት ብዙ ሐኪሞች ጥፋቱን በታይመስ ላይ ያላክኩ ነበር። ዕጢው አብጦ የአየር ቧንቧውን ዘግቶት ይሆናል ብለው የጤነኛ ሕፃናትን ደረት በራጅ ጨረር ይመቱ ጀመር። «ያበጠ» ያሉት ግን ልከኛው መጠን ነበር። ለሕክምና ትምህርት የሚመረመረው አስከሬን አብዛኛውን ጊዜ በረሃብና በረጅም ሕመም የሞተ የድሃ አስከሬን ስለነበር ታይመሱ ሟሽሾ ይገኛል፤ መለኪያ የሆነውም ያ የሟሸሸው ነው። ጨረር ከተቀበሉት ልጆች መካከል አያሌዎቹ አድገው በታይሮይድ ካንሰር ተያዙ።

ነገሩን የፈታው ሰው ስለ በሽታ መከላከያ ሊያጠና የተነሳ አልነበረም። ዣክ ሚለር በ1931 በፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ ተወልደው፣ በጦርነቱ ጊዜ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ አውስትራልያ የተሰደዱ ሐኪም ናቸው። ታላቅ እህታቸውን የነጠቃቸው የሳንባ ነቀርሳ ነው። በ1958 ለንደን ገብተው፣ ከከተማው ወጣ ባለው የፖላርድስ ውድ ምርምር ጣቢያ የአይጦችን የደም ካንሰር ማጥናት ያዙ። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ የሚሠራው ገና በተወለደች አይጥ ላይ ሲወጋ ነው። በሽታው ደግሞ የሚነሳው ከታይመስ ነው። ስለዚህ ሚለር ጥያቄያቸውን ለመመለስ ታይመሱን ከግልገሏ ላይ በተወለደችበት ዕለት ማውጣት ነበረባቸው። አዲስ የተወለደች አይጥ ክብደቷ ከአንድ ግራም ብዙም አይበልጥም። የቀዶ ሕክምናውን ጥበብ ለአንባቢ ግምት እንተወው።

ከወራት በኋላ አይጦቹ ከሱ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። የሚያስደንቀው ቫይረሱ ያልተወጉትም አብረው መሞታቸው ነው። ሲከፈቱ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች በደማቸውም በጣፊያቸውም ተመናምነው ተገኙ፤ ጉበታቸውም በበሽታ ተጎድቷል። ሚለር ይህን ሲያዩ የሌላ ዘር አይጥ ቆዳ በጀርባቸው ላይ ተከሉ። ጤነኛ አይጥ እንዲህ ያለውን ባዕድ ቆዳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አርግፋ ትጥላለች። ታይመስ የሌላቸው ግን አልጣሉትም፤ በላዩ የባዕድ ፀጉር በቅሎበት በሰላም ይኖሩ ጀመር። ውጤቱ በ1961 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ።

አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር። ቀደም ብሎ ከጎልማሳ አይጦች ላይ ታይመስ ያወጡ ተመራማሪዎች ምንም ለውጥ አላዩም፤ ስለዚህ የሚለር አይጦች በንጽሕና ጉድለት የታመሙ ይሆናሉ ተባለ። በንቅለ ተከላ ጥናት የኖቤል ተሸላሚ የነበሩት ፒተር ሜዳዋር ሳይቀሩ፣ በታይመስ ውስጥ ያሉት ሊምፎሳይቶች ያን ያህል ቁም ነገር የሌላቸው የዝግመተ ለውጥ አጋጣሚ ናቸው ብለው ጽፈው ነበር። ሁሉም የሳቱት ቀኑን ነው። ጎልማሳዋ አይጥ ዕጢዋ ቢወጣም ቀድሞ ያሰማራቸው ሴሎች በደሟ ውስጥ አሉ፤ የአንድ ቀኗ ግን ገና ምንም አላሰማራችም።

ታይመስ ውስጥ ምን ይደረጋል? ከመቅኔ የሚመጡ ጥሬ ሴሎች ገብተው የጂን ቁርጥራጮቻቸውን እንደ መጫወቻ ካርታ ይበውዛሉ። እያንዳንዱ ሴል በዚህ ብወዛ የራሱ የሆነ መቀበያ ይሠራል፤ በገላው ላይ የሚያቆመው፣ ባዕድን ነገር የሚለይበት መዳፍ ማለት ነው። ብወዛው በዕድል ስለሆነ ጥሩም መጥፎም ይወጣል። ከዚያ ሁለት ፈተና አለ። የመጀመሪያው የገዛ አካሉን ሴሎች መታወቂያ ማንበብ መቻሉን ያጣራል፤ ማንበብ ያልቻለ እዚያው ይሞታል። ሁለተኛው በተቃራኒው የራስን አካል አጥብቆ የሚይዘውን ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ነገ የጣፊያ፣ የቆሽት ወይም የመገጣጠሚያ ጠላት ስለሚሆን አብዛኛውን ጊዜ ይወገዳል። ለዚህ ፈተና የታይመስ ሴሎች ኤር በተባለ ጂን አማካይነት ኢንሱሊንን የመሰሉ የሌላ አካል ፕሮቲኖችን እየሠሩ ያሳያሉ። ይህ ጂን የተበላሸባቸው ሰዎች አሉ፤ በፊንላንድ በርከት ይላሉ፤ የገዛ መከላከያቸው ዕጢዎቻቸውን አንድ በአንድ ያጠቃል።

ፈተናውን አልፈው የሚወጡት ከመቶ አምስት አይሞሉም። ጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ደንግጦ ነበር። ታይመስ ውስጥ ግን ይህ የዘወትር ውጤት ነው፤ የወደቀም ድጋሚ አይፈተንም።

አሁን ወደ ሦስት ቀኗ አይጥ እንሂድ። በ1969 የጃፓን ተመራማሪዎች ያሱአኪ ኒሺዙካና ተሩዮ ሳካኩራ ከአይጦች ታይመስን ያወጡት በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን አይጦቹ በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ነው። የጠበቁት ደካማ መከላከያ ነበር፤ ያገኙት ግን የሴቶቹ የእንቁላል ማምረቻ ዕጢ ጠፍቶ ነው። ኋላ እንደታወቀው ዕጢውን ያጠፉት የአይጦቹ የራሳቸው ሴሎች ናቸው። ያው ታይመስ፣ ያው ቀዶ ሕክምና፣ የሁለት ቀን ልዩነት፤ አንዷ ጠላቷን መቋቋም አቃታት፣ ሌላዋ ራሷን በላች።

ይህ ያስገረመው ሺሞን ሳካጉቺ የሚባል ወጣት በኪዮቶ የጀመረውን ትምህርት አቋርጦ በናጎያ ወደሚገኘው የኒሺዙካ ላቦራቶሪ ገባ። ከጤነኛ አይጥ የተወሰደ ቲ ሴል ለሦስት ቀኗ አይጥ ቢሰጥ በሽታው ይቀራል። ስለዚህ ከቲ ሴሎች መካከል ሌሎቹን የሚገቱ አሉ፤ እነሱም ከታይመስ የሚወጡት ዘግየት ብለው ነው ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ተዋጊዎቹ ወጥተዋል፤ ገቺዎቹ ገና ናቸው። ሐሳቡ ያኔ ተወዳጅ አልነበረም። በ1970ዎቹ ስለ «ጨቋኝ ቲ ሴሎች» ብዙ ተወርቶ ማስረጃው ስለፈረሰ ጉዳዩን ማንሳት ያሳፍር ነበር። ሳካጉቺ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ለፍተው በ1995 ገቺዎቹን በመለያቸው ለይተው አወጡ፤ ዛሬ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ይባላሉ።

ቀሪው ማስረጃ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በኦክ ሪጅ ላቦራቶሪ በ1940ዎቹ ቆዳቸው የሚቀረፍ፣ ጣፊያቸው የሚያብጥ ወንድ አይጦች ተወልደው ነበር፤ ዕድሜያቸው ጥቂት ሳምንት ነው። ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል በዋሽንግተን ግዛት በአንድ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ሆነው የተበላሸውን ጂን አሥሠው በ2001 ይፋ አደረጉት፤ ፎክስ ፒ 3 ይባላል። ተመሳሳይ ጉድለት ያለባቸው ወንድ ሕፃናትም ተገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳካጉቺና ሌሎች ይህ ጂን የተቆጣጣሪዎቹ አዛዥ መሆኑን አሳዩ። ሦስቱ ሰዎች የ2025ን የሕክምና ኖቤል ተካፈሉ።

እነዚህን ሁሉ ሴሎች በዓይን መለየት አይቻልም፤ በማይክሮስኮፕ ተዋጊውም ገቺውም አንድ መልክ ናቸው። ላቦራቶሪው የሚለያቸው የሚያበራ ቀለም በታሰረባቸው ፀረ እንግዳ አካላት ነው። ቀለም የያዙት ሴሎች በቀጭን የፈሳሽ መስመር አንድ በአንድ እየተሰለፉ በሌዘር ፊት ያልፋሉ፤ መሣሪያውም የብርሃናቸውን ዓይነት እያየ ይቆጥራል። ፍሎው ሳይቶሜትር ይባላል። በሆስፒታል ሲዲ ፎር የሚቆጥረውም የዚሁ መሣሪያ ቤተሰብ ነው።

በዚህ ቆጠራ ውስጥ ለእኛ የሚሆን አንድ ምዕራፍ አለ። በ1994 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ይከታተል ነበር። ቫይረሱ የሌለባቸው 485 ጤነኛ ሠራተኞች ሲለኩ የሲዲ ፎር አማካያቸው በአንድ ማይክሮሊትር ደም 775 ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ከኔዘርላንዳውያን ያነሰ ነው። ሥራ ያልጀመሩ «ጥሬ» ቲ ሴሎች አነስተኛ፣ በውጊያ ላይ ያሉት ደግሞ ብዙ ነበሩ። በእስራኤል ሬሆቮት የእነ ዝቪ ቤንትዊች ቡድን ከኢትዮጵያ በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ደም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አይቶ የአንጀት ትላትልን ጠረጠረ፤ ትሉ ሲታከም የሴሎቹ ግርግር እየበረደ ሄደ። የፈረንጅ ደም የወለደውን ልክ እንዳለ ወስዶ አበሻን መመዘን እንደማያስኬድ የነገረን ይህ ሥራ ነው፤ እንደሚገባው አልተወራለትም።

ታይመስ ጎልማሳ ላይ ሥራ የለውም የሚለው አባባልም እየተናጋ ነው። የልብ ቀዶ ሐኪሞች መንገድ ስለሚዘጋባቸው አንዳንዴ ቆርጠው ይጥሉታል። የቦስተን ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት ታይመሳቸው ከወጣባቸው ጎልማሶች መካከል በአምስት ዓመት ውስጥ የሞቱት 8.1 ከመቶ ሲሆኑ፣ ዕጢያቸው ካልተነካ ተመሳሳይ ታካሚዎች መካከል ግን 2.8 ከመቶ ነበሩ። ጥናቱ የሰዎችን መዝገብ ወደ ኋላ ያየ ስለሆነ ብቻውን የመጨረሻ ፍርድ አይሆንም፤ ቢላዋ ያነሳን ሐኪም ግን ቆም ያደርጋል።

ዣክ ሚለር የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው መካከል ስማቸው የለም፤ በዚህ ጸሐፊ ዘንድ ከሽልማቱ ታላላቅ ግድፈቶች አንዱ ነው። በ2019 ከአሜሪካዊው ማክስ ኩፐር ጋር የላስከርን ሽልማት ተቀበሉ። ያን ጊዜ 88 ዓመታቸው ነበር፤ የላንሴቱ ጽሑፍ ከወጣም 58 ዓመት ሆኖት ነበር።