ወርቁን ያቀፈው ግድግዳ

በሱዳን የገዳሪፍ ጥቁር የማሽላና የሰሊጥ መሬት ከሥሩ ያለውን አለት ደብቆታል። ከከተማው በስተሰሜን በቡታና ሜዳ፣ በደቡብ ምዕራብም በቃላ ነሐል ግን ጂኦሎጂስቶች የአረቢያና ኑቢያ ጋሻ የሚሉት፣ በኤርትራና በምዕራብ ኢትዮጵያም የሚገኘው ጥንታዊ አለት ከአፈሩ በላይ ብቅ ይላል። ቡታና ላይ ወርቅ ፈላጊው ዓይኑን የሚጥለው ነጩ የኳርትዝ ሥር ላይ ነው፤ በግራና በቀኝ እንደ ግድግዳ ያቀፈውን አለት እንደ ፍርስራሽ ይጥለዋል። ሆኖም ሥሩ ሀብታም ይሁን ባዶ፣ ቆፋሪውም በደህና ይውጣ አይውጣ በአብዛኛው የሚወስነው ይኸው የተናቀ አለት ነው።

ምክንያቱ ወርቁ ከመጣበት መንገድ ይጀምራል። ከምድር ጥልቀት የሚነሣ ሙቅ ውሃ ወርቁን ከድኝ ጋር አጣምሮ በስንጥቅ ይጓዛል። ብረት የበዛበት አለት ሲያገኝ ድኙ ወርቁን ትቶ ከብረቱ ጋር ይዋሃድና ፓይራይት ይሆናል፤ ተሸካሚ ያጣው ወርቅም እዚያው ይቀራል። ካርቦን ያለበት አለትም ወርቅ ያስቀራል፤ በኢትዮጵያ ጉጂ ያለው የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ የኳርትዝ ሥሮች ግራፋይት ባለበት አለት ውስጥ ናቸው። ውሃው ግድግዳውንም ይለውጠዋል፦ አንዳንዱን ያረነጉደዋል፣ አንዳንዱን ያገረጣዋል፤ ፓይራይቱም ገጽ ላይ ሲወጣ ዝጎ ይቀላል። ይህ የተለወጠ ቀለበት ከሥሩ ብዙ ጊዜ ስለሚሰፋ ፍለጋውን ያቀላል። አለትን በቀለም መለየት አዲስ አይደለም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1150 ገደማ የተሣለውና ዛሬ ቱሪን የሚገኘው የግብፅ ፓፒረስ ካርታም በአንድ የወርቅ ማውጫ ዙሪያ ያሉትን ተራሮች በቀለም ለይቷል።

የዛገ አለት ሁሉ ወርቅ የለውም የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ልክ ነው። ቀለሙ የት ናሙና እንደሚወሰድ ይጠቁማል እንጂ ወርቅ መኖሩን አያረጋግጥም። ያም ቢሆን ሜዳውን በሙሉ በጭፍን ከመቆፈር ያድናል። ግድግዳውም ሁልጊዜ ባዶ አይደለም፤ በፓይራይት ውስጥ የታሸገ ወርቅ ሊይዝ ይችላል፣ ይህንንም ቆፋሪዎች ወርቅ ለመለየት የሚጠቀሙበት ሜርኩሪ በቀላሉ አያወጣውም።

ሥሩ ያዘነበለ ሲሆን የበላዩ ግድግዳ በቆፋሪው ራስ ላይ ይንጠለጠላል። ጠንካራ ግራናይት ብዙ ጊዜ ይቆማል፤ በቃላ ነሐል እንዳለው ያለ ታልክና ሰርፐንቲናይት የተባለ አለት ግን ያንሸራትታል፣ የክረምት ውሃ ሲገባበትም ይብስበታል። እ.ኤ.አ. በጁን 2025 በአትባራና በሃያ ከተሞች መካከል ባለው የሁወይድ በረሃ የወርቅ ጉድጓድ ተደርምሶ 11 ሰዎች ሞተዋል። ጉድጓዱን በእንጨት መደገፍ ይረዳል፤ ግን ድሃው ቆፋሪ ለእንጨቱ ገንዘብ ከየት ያመጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከጉድጓድ ወርቅ የሚገዛው ነጋዴና ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት ወጪውን ሊጋሩት ይገባል። ግድግዳውን መርምሮ የላላውን ማወቅ፣ ከዝናብ በኋላም ከመግባት መታቀብ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ወርቅ ቆፋሪ ሆይ፣ ኳርትዙን ከመምታትህ በፊት ያቀፈውን አለት እይ።