የጌም ኮምፒውተር ሲገጣጠም፦ ገንዘቡ የት ይግባ?

አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ለመግዛት የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል፦ «ኮር አይ ሰቨን ነው?» ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ያንን ስም አስቀድሞ ይጠራል። ስሙ ብቻውን ግን ብዙም አይናገርም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ ሰቨን 3770 አራት ኮር አለው። ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣው አይ ስሪ 12100ም አራት ኮር ነው፤ ነገር ግን ያንን አይ ሰቨን በሰፊ ልዩነት ይቀድመዋል። ትውልዱን ሳይጠይቁ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መግዛት ውድ የሆነ አሮጌ ዕቃ ይዞ ወደ ቤት መግባት ነው።

ጌም ለመጫወት ኮምፒውተር የሚያስገጣጥም ሰው ከሞኒተሩ ቢነሳ ይሻለዋል። የቀረው ዕቃ ሁሉ የሚሠራው ለእሱ ነውና። ጌም ማለት ኮምፒውተሩ በየሰከንዱ ደጋግሞ የሚሥለው ሥዕል ነው፤ አንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። ፉል ኤችዲ ሞኒተር ላይ አንዱ ፍሬም ሁለት ሚሊዮን ያህል ነጥብ አለው፤ 1440ፒ በሚባለው 3.7 ሚሊዮን፣ በፎርኬ ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ይሆናል። ፎርኬ የገዛ ሰው ግራፊክስ ካርዱን አራት እጥፍ ሥራ አዘዘው ማለት ነው። ፍጥነትም አለ፦ 60 ኸርዝ ሞኒተር ለአንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ጊዜ ይሰጣል፤ 144 ኸርዝ የሚሰጠው 6.9 ብቻ ነው። በጀቱ መካከለኛ ከሆነ ፉል ኤችዲ ባለ 144 ኸርዝ ሞኒተር ይበቃል ባይ ነኝ። ፎርኬ ሞኒተር ገዝቶ ሥዕሉ ሲቆራረጥ ከማየት ይህ ይሻላል።

ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ተከፋፍለዋል። ፕሮሰሰሩ የጌሙን ዓለም ያሰላል፦ ኳሱ ወዴት እንደሚነጥር፣ ጠላት በየት በኩል እንደሚመጣ፣ መኪናው ሲጋጭ ምን እንደሚሆን። ከዚያ ምን እንደሚሣል ለካርዱ ይነግረዋል። ቀለሙን፣ ጥላውን፣ ብርሃኑን የሚሞላው ካርዱ ነው። አንዱ ከዘገየ ሌላው ሥራ ፈትቶ ይጠብቀዋል። ካውንተር ስትራይክ 2 ላይ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ፍሬም የሚፈልግ ተጫዋች የሚያጨናንቀው ፕሮሰሰሩን ነው። ሳይበርፐንክ 2077ን ጥላና ነጸብራቁን ሁሉ ከፍቶ የሚጫወት ደግሞ ካርዱን። ከጓደኛው ጋር እግር ኳስ ብቻ ለሚጫወት ሰው ሁለቱም ያን ያህል አይከብዱም። የሚያማምሩትን ትልልቅ ጌሞች ለሚወድ ግን ከጠቅላላው ገንዘብ ሲሶው፣ ቢቻል ከዚያም በላይ፣ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይዋል።

ካርዱ ሲመረጥም ስሙ ብቻ አይታመንም። በ2021 የወጣው አርቲኤክስ 3060 የራሱ 12 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ነበረው። በኋላ በዚያው ስም 8 ጊጋባይት ያለው ሌላ ካርድ መጣ፤ ያነሰው የማህደሩ መጠን ብቻ አልነበረም፣ መረጃ የሚተላለፍበት መስመርም ከ192 ወደ 128 ቢት ጠቧል። ስሙን ብቻ አንብቦ የከፈለ ሰው ዘገምተኛውን ይወስዳል። ይህን መሰሉን ነገር እኔ ማታለል ነው የምለው፤ ሻጩ ግን ላያውቀው ይችላል፤ ስለዚህ ካርቶኑን ማንበብ የገዢው ሥራ ነው።

ፕሮሰሰር ሲመረጥ ማዘርቦርዱም አብሮ ተመረጠ ማለት ነው፤ መቀመጫው ሶኬት ካልገጠመ አይሠራምና። ኤኤምዲ በ2017 የመጀመሪያዎቹን ራይዘኖች ያስቀመጠበት ኤኤም 4 ሶኬት ረጅም ዕድሜ አግኝቷል። ከቀደሙት ቦርዶች ብዙዎቹ ባዮሳቸው (ቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ከታደሰ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ይቀበላሉ። ተተኪው ኤኤም 5 የሚቀበለው ዲዲአር 5 ራም ብቻ ነው። የኢንቴል 12ኛ፣ 13ኛ እና 14ኛ ትውልድ በአንድ ዓይነት ሶኬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ቦርዶቹ ግን ከፊሎቹ ለዲዲአር 4፣ ከፊሎቹ ለዲዲአር 5 የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። ራም ሲገዛ 16 ጊጋባይት በአንድ ፍሬ ከመውሰድ ሁለት ባለ 8 መውሰድ ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ጌሙ ላይ ልዩነቱ ይታያል። ስለ ኤስኤስዲ ብዙ ማለት አያስፈልግም፦ ቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ኤንቪኤምኢ ይሁን፣ አንድ ቴራባይት ይሁን፣ ይለፍ።

ሰዎች በጣም የሚሰስቱበት ዕቃ ፓወር ሰፕላይ ነው። እኔ ደግሞ ከካርዱ ቀጥሎ የማልደራደርበት እሱ ነው። ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት የሚቀይረው እሱ ሲሆን ፕሮሰሰሩና ካርዱ በዋናነት የሚበሉት ከ12 ቮልቱ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «600 ዋት» ትቶ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ማየት ነው፤ በርካሾቹ ላይ የ12 ቮልቱ ድርሻ ከጠቅላላው በብዙ ያንሳል። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት የሚመሰክረው ስለ ቁጠባ ነው፤ ከግድግዳ ከወሰደው ኃይል ቢያንስ 80 በመቶውን ለኮምፒውተሩ ያደርሳል ማለት ነው። ቮልት ሲዘል ኮምፒውተሩን እንደሚጠብቅ ግን ምልክቱ አይናገርም። ለመጠን ያህል፦ አርቲኤክስ 3060 እስከ 170 ዋት ይስባል፣ ራይዘን 5 5600 የ65 ዋት ፕሮሰሰር ነው፤ ኤንቪዲያ ግን ለዚህ ካርድ የሚመክረው 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። ካርዱ ለቅጽበት ከተለመደው በላይ ስለሚጎትት ትርፍ ያስፈልጋል።

ከአሜሪካ በሰው የመጣ አሮጌ ወይም ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ጀርባው ላይ ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለው፣ ሳይሰካ በፊት ያ ማብሪያ ይታይ። 115 ላይ እንዳለ 220 ላይ ከተሰካ ያኔውኑ ይፈነዳል። አዳዲሶቹ ራሳቸው ስለሚለዩ ይህ ችግር የለባቸውም። መብራት ለሚዋዥቅበት ሰፈር ስታብላይዘር ይረዳል፤ መብራት ሲሄድ ግን ምንም አያደርግም። ለዚያ ዩፒኤስ ነው የሚፈለገው። እሱም ቢሆን ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚባለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ በርካሾቹ ዩፒኤሶች ወደ ባትሪ ሲዞር አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ይጠፋልና።

የአዲስ አበባ ከፍታም በሒሳቡ ይግባ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ቀዝቃዛ አየር ይህን በከፊል ያካክሰዋል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ ሲሆን ችግሩ ሌላ ነው፤ እዚያ አየሩ ራሱ ይሞቃል። የትም ቢሆን ግን ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ ለዓይን እንጂ ለፋን አይመችም። ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ አቧራ ማጣሪያው የሚወልቅና የሚታጠብ ኬዝ ይመረጥ። በቀለም የሚያበሩት ፋኖች አንዲት ፍሬም አይጨምሩም፤ የሚወዳቸው ግን ይግዛ፣ አልከለክልም።

ዕቃው በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የማይገኝበት አገር ላይ ነን። ካርዱን የዋሽንግተን እህት ትልካለች፣ ፕሮሰሰሩ ከዱባይ በሻንጣ ይመጣል፣ ኬዙና ፓወር ሰፕላዩ ከዚሁ ይገዛሉ። በመሐል ወራት ስለሚያልፉ አስቀድሞ የመጣው ዕቃ ሳይሞከር የመመለሻ ቀኑ ያልፋል። ስለዚህ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራምና ፓወር ሰፕላይ አንድ ላይ ቢደርሱ፣ ካርዱ መጨረሻ ቢመጣ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ የፕሮሰሰሩ የመጨረሻ ፊደል ዋጋ አለው። ኢንቴል 12400ኤፍ እና ራይዘን 5 5600 የራሳቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው ካርዱ እስኪመጣ ሞኒተሩ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ኤፍ የሌለው 12400 እና ራይዘን 5 5600ጂ ግን ያለ ካርድ ምስል ይሰጣሉ። 5600ጂ ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማህደር) ከ5600 በግማሽ ያንሳል፤ ካርዱ ከመጣ በኋላ ጥቂት ፍሬም ያስቀራል። እስከዚያው ግን ቦርዱም ራሙም ተሞክረው ያድራሉ፣ ቀለል ያሉ ጌሞችም ይከፈታሉ።