የማደሪያ ሰፈር አመራረጥ

ተማሪዎች፣ ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር እንዴትና ለምን እንደሚሆን የሚያስረዳ የጽሑፍ ዓይነት ነው። የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ ምክንያትና ውጤት እንዴት እንደ ተያያዙ ልብ በሉ።

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ በሆነችው በእንጅባራ ከተማ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይከበራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ ያስታውሳል። በበዓሉ ሰሞን ብዙ እንግዳ ወደ ከተማይቱ ስለሚጎርፍ ማደሪያ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ሆኖም አያቱንና ሕፃን ልጁን ይዞ ለሚመጣ ሰው አልጋ ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ አልጋው የሚገኝበትንም ሰፈር ማወቅ ይኖርበታል።

ብዙ ሰዎች ከፍ ያለ ሰፈር ይመርጣሉ። ከአውራ ጎዳናው ጫጫታና አቧራ ይርቃል፤ አየሩ ንጹሕ ነው፤ ዝናብ ሲጥልም ጎርፍ አይተኛበትም። ነገር ግን ከፍታ ሁሉ አንድ አይደለም። የጉብታው አናት ለነፋስ የተጋለጠ ነው። ዝቅ ያለው ስፍራ ደግሞ በሌሊት ይበርዳል፤ ምክንያቱም ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ፣ በጥር ወር ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቁልቁል እየወረደ ከሸለቆው ይጠራቀማል። ስለዚህ ከአናቱም ከግርጌውም ይልቅ የሚመረጠው የጉብታው ወገብ ነው። በተለይም ፊቱ ወደ ምሥራቅ የዞረ ቤት የጧት ፀሐይ ቀድሞ ያገኛል።

ሁለተኛው የሚታሰብበት ጉዳይ ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ በራሱ ክብደት ከማጠራቀሚያው ወደ ታች ይወርዳል። በመሆኑም ከማጠራቀሚያው ጋር በከፍታ የተቀራረበ ቤት የሚደርሰው ውኃ ኃይሉ ደካማ ይሆናል። ሕፃን ያለው ቤተሰብ ውኃ ሲጠፋ በጋን ወይም በበርሜል የተጠራቀመ መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ። ሦስተኛው ዳገቱ ነው። ለወጣት ቀላል የሆነው አቀበት ለአረጋዊት እናት ፈተና ነው፤ ባጃጅ እስከ ደጃፍ መድረስ አለመድረሱንም ማጣራት ይገባል።

ብርድ የማይስማማው ታማሚ በቤተሰቡ ውስጥ ቢኖርስ? እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ዳንግላ ግን ከፍታዋ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ2 ዲግሪ በላይ ልዩነት ይጠበቃል። ይሁን እንጂ በዳንግላ ያደረ ሰው ማልዶ መንገድ መጀመር ስላለበት፣ የመንገዱን ሰላምና የመኪናውን ሰዓት አስቀድሞ ይወቅ።

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንደሚባለው፣ ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚያውቀው የሰፈሩ ነዋሪ ነው። እንግዲህ ሰፈር ስትመርጡ፣ ከቤተሰቡ መካከል አቅሙ ደካማ ለሆነው ሰው የሚስማማውን አስቀድሙ። ለእርሱ የተመቸ ሰፈር ለሌሎቹ አያንስም።

መልመጃ
1. የጉብታው ወገብ ከአናቱና ከግርጌው የሚመረጠው ለምንድን ነው?
2. «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም» እና «ይሁን እንጂ» በምንባቡ ውስጥ ምን ምን ሐሳቦችን አያይዘዋል?
3. ወደ ከተማችሁ ለሚመጣ ቤተሰብ የሚስማማ አንድ ሰፈር መርጣችሁ፣ ምክንያታችሁን በሦስት አንቀጽ ግለጹ።