ከታካሚው ወገን የመጣ ባለሙያ፦ የአካል ጉዳተኛ ቴራፒስቶች ዕውቀትና የናይሮቢ ተሞክሮ

ስትሮክ አንድ ጎኗን የያዛት የናይሮቢ እናት እንደገና ኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) ለማማሰል፣ አከርካሪው የተጎዳ የማታቱ (የሕዝብ ሚኒባስ) ሹፌር ከአልጋው ወደ ዊልቸሩ ለመሸጋገር፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ሕፃን ማንኪያ ጨብጦ ለመጉረስ ሲጥሩ አጠገባቸው የሚቆመው ባለሙያ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ይባላል። ፊዚዮቴራፒስቱ በዋነኛነት የአካልን እንቅስቃሴና ጥንካሬ ለመመለስ ይሠራል። ኦኩፔሽናል ቴራፒስቱ ደግሞ ሰው በየዕለቱ ከሚያከናውነው ነገር ይነሳል፤ ከመልበስ፣ ከማብሰል፣ ከመማር፣ ከመሥራት፣ ከመጫወት።

ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው ብዙ ባልተነገረለት የሙያው ገጽታ ላይ ነው፤ ራሳቸው አካል ጉዳተኛ በሆኑ ቴራፒስቶች ላይ። በኑሯቸው ያካበቱት ዕውቀት ለሙያውም ለአካል ጉዳተኞች መብትም ትልቅ ሀብት ነው። ሀብቱ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ወደ ሙያው የሚያስገባው በር ሲከፈትላቸው ብቻ ነው። ጠንካራ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትና የረጅም ጊዜ የማሠልጠኛ ታሪክ ያላት ናይሮቢ ጉዳዩን ለመመርመር የተመቸች ከተማ ናት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙያውን ከመሠረቱት አንዱ

አካል ጉዳተኛ ቴራፒስት አዲስ ክስተት አይደለም። ጆርጅ ኤድዋርድ ባርተን አሜሪካዊ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ነበር። በሳንባ ነቀርሳ ሲሰቃይ ኖሮ የግራ እግሩ ከፊል ተቆረጠ፤ ቀጥሎም የግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። በአትክልትና በእንጨት ሥራ ራሱን ካበረታ በኋላ በ1914 በኒውዮርክ ግዛት ክሊፍተን ስፕሪንግስ በተባለች ከተማ «ኮንሶሌሽን ሃውስ» የተሰኘ ማገገሚያ ከፈተ። በመጋቢት 1917 የአሜሪካ የሙያው ማኅበር የተመሠረተው እዚያው ነው፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም እሱ ሆነ።

ሙያው ከሆስፒታል ጋር እየተሳሰረ ሲሄድ ግን ባለሙያው በአንድ ወገን፣ አካል ጉዳተኛው በሌላ ወገን ቆሙ። አካል ጉዳተኛ የሆነው እንግሊዛዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ፖል አበርሊ በ1995 ባሳተመው ጽሑፍ ሙያውን በብርቱ ተችቷል። እሱ እንዳለው ቴራፒስቶች ከሐኪሞች የተለየ አመለካከት አለን ቢሉም በሥራቸው የአካል ጉዳትን የግለሰቡ ጉድለት አድርጎ የማየትን ልማድ ያጠናክራሉ። የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን በ2006 ባወጣው የሰብዓዊ መብት አቋም፣ ሰው ትርጉም ባለው ተግባር የመሳተፍ መብት እንዳለውና ይህን የሚከለክሉ ሁኔታዎችን መታገል የሙያው ኃላፊነት እንደሆነ አስታውቋል።

የናይሮቢ ተቋማት

በኬንያ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ሥልጠና የተጀመረው በ1968 ናይሮቢ ውስጥ፣ ዛሬ የኬንያ ሕክምና ማሠልጠኛ ኮሌጅ በሚባለው ተቋም ነው። ከተማዋ በ1910 የተከፈተው የማታሪ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታልና የአከርካሪ ጉዳት ሪፈራል ሆስፒታል ይገኙባታል።

ከሆስፒታሎቹ ጎን የመብት ንቅናቄው አድጓል። በ1958 የተቋቋመው የኬንያ አካል ጉዳተኞች ማኅበር በናይሮቢ ወርክሾፑ ዊልቸር ያመርታል። በ1989 የተመሠረተው የኬንያ የተባበሩት አካል ጉዳተኞች የተለያዩ ማኅበራትን በአንድ ጥላ ሥር ይዟል። የአፍሪካ ዓይነ ስውራን ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤትም እዚሁ ነው። በ2007 የተቋቋመው የአእምሮ ሕክምና ተጠቃሚዎች ማኅበር ደግሞ በሕመሙ ውስጥ ያለፉ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉባቸውን ቡድኖች ያደራጃል። ቡድኖቹ የቆሙት መከራውን የቀመሰ ሰው ለሌላው የሚያካፍለው ዕውቀት አለው በሚል እምነት ላይ ነው፤ የአካል ጉዳተኛ ቴራፒስቶች ጥያቄም ከዚህ እምነት ይነሳል።

ሕጉና መንገዱ

ኬንያ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ያወጣችው በ2003 ነው። በ2008 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጸደቀች። የ2010 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 አካል ጉዳተኛ በክብር የመስተናገድ፣ የትምህርት ተቋማትን፣ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ቦታዎችና ትራንስፖርትን የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በተሿሚና በተመራጭ አካላት ውስጥም ቢያንስ 5 በመቶ ቦታ ደረጃ በደረጃ እንዲያዝላቸው ያዛል። ዓይነ ስውሯ ሴናተር ክሪስታል አሲጌ ያቀረበችው አዲስ ረቂቅ በግንቦት 2025 በፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ፊርማ ሕግ ሆኖ የ2003ቱን ተክቷል።

ቁጥሮቹ ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። የ2019 የኬንያ ሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን 2.2 በመቶ አድርጎ ሲያስቀምጥ የዓለም ጤና ድርጅት የዓለምን ድርሻ 16 በመቶ ገደማ ይገምታል። ቆጠራው ዕድሜያቸው 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ከባድ ችግር ያለባቸውን ወይም ጨርሶ የማይችሉትን ብቻ መያዙ ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ነው። ያልተቆጠረ ሰው በጀት አይያዝለትም፤ ቴራፒስትም አይመደብለትም።

ከሕጉ ጀርባ ደግሞ መንገዱ አለ። የማታቱ ደረጃ ከፍ ያለ ነው፤ ረዳቱ ይቸኩላል፤ ዊልቸር ለማጠፍና ለመጫን የሚታገሥ ጥቂት ነው። ከሆስፒታል የወጣ ታካሚ በዚህ መንገድ ይጉላላል፤ ወደ ሥራው የሚገሰግስ አካል ጉዳተኛ ቴራፒስትም እንዲሁ።

በሙያው ውስጥ የሚገጥማቸው

በብሪታንያ፣ በካናዳና በአሜሪካ የተካሄዱ ጥናቶች ተመሳሳይ መሰናክሎችን ደጋግመው መዝግበዋል። የመጀመሪያው መግቢያው ላይ ነው፤ «ታካሚ ማንሳት ትችላለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ማንሻ መሣሪያና የሥራ ባልደረባ መኖራቸውን ይዘነጋል። ሁለተኛው የተግባር ልምምድ ነው፤ ክፍል ውስጥ ጎበዝ የነበረ ተማሪ ደረጃ ብቻ ባለው ሆስፒታል ወይም ስክሪን አንባቢ (ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር) በማይቀበል የታካሚ መዝገብ ምክንያት ወደኋላ ይቀራል። ሦስተኛው የመናገርና ያለመናገር ጭንቀት ነው። በተለይ ጉዳታቸው ከውጭ የማይታይ ባለሙያዎች ቢናገሩ ብቃታቸው እንዳይጠረጠር፣ ዝም ቢሉ የሚያስፈልጋቸውን ድጋፍ እንዳያጡ ይሰጋሉ። ታካሚውን «ጉዳትህን አትሸሽግ፤ እርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም» ብሎ የሚመክር ሙያ የራሱን ባልደረባ ወደ መደበቅ ከገፋ ምክሩን ራሱ አልተቀበለውም ማለት ነው።

ዝምታውን የሚሰብሩ አሉ። በብሪታንያ በ2020 የአካል ጉዳተኛ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶችና ተማሪዎች «ኤብል ኦቲ ዩኬ» የተሰኘ መረብ መሥርተዋል። በካናዳ ዓይነ ስውሯ ቴራፒስትና ተመራማሪ ላውራ ዩቮን ባልክ አካል ጉዳተኞች በዩኒቨርሲቲና በጤና ሙያዎች ውስጥ ስላላቸው ቦታ ታጠናለች፤ ታስተምራለች።

ይዘውት የሚመጡት

አካል ጉዳተኛ ቴራፒስት ከሚያበረክተው ዕውቀት ዋነኛው ራስን ስለመቻል ያለው አመለካከት ነው። ፖሊዮ ከአንገቱ በታች እንዳይንቀሳቀስ ያደረገው ኤድ ሮበርትስ ከጓደኞቹ ጋር በ1972 በካሊፎርኒያ በርክሌይ የመጀመሪያውን ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ሲመሠርት ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ራስን መቻል ማለት ሁሉን በራስ እጅ መሥራት ሳይሆን በራስ ሕይወት ላይ መወሰን ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ለመልበስ ሁለት ሰዓት ደክማ ቤት ከምትውል በሰው እርዳታ በሩብ ሰዓት ለብሳ ሥራዋ ብትሄድ ይበልጥ ራሷን ችላለች። ይህን በራሱ ማለዳ ያየ ቴራፒስት የታካሚውን ጉልበት የልብስ ቁልፍ በመቆለፍ ላይ አያባክንም፤ መጀመሪያ «ቀንህን በምን ማሳለፍ ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሌላው ጥቅም ተምሳሌትነቱ ነው። ከአደጋ በኋላ ሕይወቱ ያበቃ የመሰለው ወጣት ከፊቱ በዊልቸር የመጣ ባለሙያ ሲያይ ብዙ ምክር የማይሰጠውን ተስፋ ያገኛል። ሦስተኛው ሙግቱ ነው፤ የመንገዱን፣ የሕንፃውንና የቢሮውን እንቅፋት በገዛ ኑሮው የሚያውቅ ባለሙያ ለታካሚው ሲከራከር ስለምን እንደሚናገር ያውቃል። የአካል ጉዳት ግን የሙያ ሥልጠናን አይተካም፤ አንድ ዓይነት ጉዳት ያለበት ሰውም ስለ ሁሉም ጉዳት ሊናገር አይችልም። ዋጋ ያለው ኑሮና ሥልጠና በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው።

ለኢትዮጵያ የሚሆነው

የአፍሪካ ኅብረት የአካል ጉዳተኞች መብት ፕሮቶኮል በጥር 2018 አዲስ አበባ ላይ ጸድቆ በ2024 ሥራ ላይ ውሏል። በኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አለ። ዓይነ ስውሯ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤም በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በማግኘት የአገሪቱን የመብት ተሟጋቾች ድምፅ ለዓለም አሰምታለች። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በመሥራት የአገሪቱን የመጀመሪያ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ዲግሪ ትምህርት ጀምሯል።

ኬንያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ ሥልጠናን እያረመች የምትሄድበትን ኢትዮጵያ ከመሠረቱ አስተካክላ መጀመር ትችላለች። ስለዚህ ለጎንደር መምህራንና ለጤና ሚኒስቴር የምናቀርበው ጥሪ ይህ ነው፦ የመግቢያ መስፈርቱ ተማሪው ድጋፍ ቢያገኝ ምን መሥራት እንደሚችል ይመዝን፤ የተግባር ልምምድ የሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች ተማሪ ከመመደቡ በፊት ለዊልቸርና ለስክሪን አንባቢ ይመቻቹ፤ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትም ሥርዓተ ትምህርቱ ሲቀረጽ ይጠሩ፤ በማስተማሩም ተከፍሏቸው ይሳተፉ። አካል ጉዳተኞችን ለማገልገል የቆመ ሙያ እነሱን በባልደረባነት ለመቀበል የመጀመሪያው መሆን አለበት።