ኔትወርክ ሲጠፋም የሚጽፍ ኦፊስ

ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ ካላችሁ፣ አሁን መወሰን ያለባችሁ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለኦፊስ 2016 እና 2019 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ያበቃው በዚያው ቀን ነው። በብዙ ቤት አሁንም የሚሠራው ኦፊስ 2010 ደግሞ ድጋፉ ከተቋረጠ ዓመታት አልፈዋል። ኩባንያው በምትኩ ግዙ የሚለው በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልበትን ማይክሮሶፍት 365ን ነው።

የድሮው ኦፊስ አንዴ ይገዛል። ሲጫን የፈቃድ ቁጥሩ ይገባል፣ አንድ ጊዜ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይሠራል። ድጋፉ ሲያበቃም አይዘጋም፤ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ መድፈኛ የሚልክለት ግን የለም። 365 እንደ ቤት ኪራይ ነው። ፕሮግራሙ እናንተው ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ይቀመጣል፤ ነገር ግን በወር ቢያንስ አንዴ በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ሄዶ ክፍያ መኖሩን ያጣራል። ማጣራት ካልቻለ ያስጠነቅቃል፣ ቀጥሎ መጻፍ ይከለክላል። ያለውን ፋይል መክፈትና ማተም ይቻላል፤ አዲስ መጀመርና ማረም አይቻልም።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳውም። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ አባት በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዘው ከወቅን ዳባት ይመጣሉ እንበል። የመሬት ጉዳይ ማመልከቻ ነው። «ለ…ጽሕፈት ቤት»፣ «ጉዳዩ፦» ተብሎ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ተፈርሞበት በዕለቱ መግባት አለበት። ጸሐፊዋ «አባባ፣ ኔትወርክ እስኪመጣ ኮምፒውተሩ አይጽፍም» ብላ ልትመልሳቸው ነው? እኔ ለእንዲህ ዓይነት ቤት 365ን አልመክርም።

ክፍያውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ሰው የሚሆነው 365 አሜሪካ ውስጥ በዓመት 99.99 ዶላር ነበር፤ አንዴ ተገዝቶ የሚያልቀው ኦፊስ ሆም 2024 ደግሞ 149.99 ዶላር። በዚህ ሒሳብ የአንድ ዓመት ተኩል ኪራይ የግዢውን ዋጋ ያህል ነበር ማለት ነው፤ የተገዛው ግን እስከ መስከረም 2022 ዓ.ም. ድጋፍ አለው። ሁለቱም በውጭ ምንዛሪ ነው የሚታሰቡት፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።

ስለዚህ ብዙዎች ያለ ክፍያ ፈቃዱ ተሰብሮ በፍላሽ ወደሚዞረው ኦፊስ፣ ወደ ክራክ፣ ያዘነብላሉ። ችግሩን እረዳለሁ፣ ግን አልስማማም። አብዛኛው ክራክ ሲጫን አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ ይላል፤ ጽሕፈት ቤት ደግሞ የሰው ሁሉ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ ነው። የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ፍላሽ ሲሰካ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው የሚገኙት እንዲህ ነው።

ለእንዲህ ያለው ሥራ የእኔ ምርጫ ሊብሬ ኦፊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕን ኦፊስ ተነጥሎ የወጣ፣ ነፃ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነው። ጎንደር የሚሄድ ሰው በፍላሽ አውርዶ ካመጣው፣ ለጎረቤት ጽሕፈት ቤት ማካፈልም በሕግ የተፈቀደ ነው። የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ በዎርድ ዓይነትም ያስቀምጣል። ሠንጠረዥ የበዛበት ደብዳቤ ግን አንዳንዴ ይዛነፍበታል፤ ከመታተሙ በፊት ማየት ያስፈልጋል። በአንጻሩ ውጭ ካለ አስጎብኚ ድርጅት ጋር በአንድ ፋይል ላይ አብሮ የሚሠራ የሰሜን ተራሮች አስጎብኚ፣ አስተማማኝ መስመር ካለው ወይም መሥሪያ ቤቱ ከከፈለለት፣ 365 ይጠቅመዋል።

የትኛውንም ብትመርጡ መጀመሪያ ፊደላችሁን ፈትሹ። የእኛ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ስክሪኑ ላይ «ሰላም» ይነበባል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነው። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ወይም ስልክ ሲከፍተው ያ ድብልቅ ብቅ ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ አዲሱን ኦፊስ «አማርኛ አበላሸብኝ» ብሎ ያማርራል፤ ኦፊሱ ግን የነካው ነገር የለም።

የፋይሉን ኮፒ ክፈቱ፣ ጽሑፉን ሁሉ ምረጡ፣ ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ቀይሩ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀጠለ በዩኒኮድ የተጻፈ ነውና የትም ይሄዳል። ወደማይነበብ ላቲን ከተለወጠ፣ ያን ፎንት የያዘውን አሮጌ ኮምፒውተር ፎርማት አታድርጉት። ለማስረጃ የሚቀመጡትን ደብዳቤዎች እዚያው ላይ ወደ ፒዲኤፍ ለውጧቸው፤ ገና የሚታረሙትን በዩኒኮድ እንደገና ጻፏቸው። ዊንዶውስ 10 ላይ አብሮ የሚመጣው ኤብሪማ ፎንት ለዚህ ይበቃል።