አሰብን የሸጠው ማን ነው?

በረመዷን ከዐስር ሶላት በኋላ ያለችው ሰዓት ለእኛ ለኢማሞች የዕረፍት ሰዓት አይደለችም። ሰው ሲጾም ልቡ ይለሰልሳል። ዓመቱን ሙሉ ሲብላላ የከረመ ቂም፣ ያልተከፈለ ዕዳና ያልተቋጨ የድንበር ክርክር ወደ መስጂድ የሚመጣው በዚህች ሰዓት ነው። ባለፈው ሳምንትም አንድ ሽማግሌና ሦስት የወንድማቸው ልጆች መጡ። ከልጆቹ ታላቁ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አወጣና ዘረጋልን።

«ሸኽዬ፣ እዚህ ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎት» አለን።

እውነቱን ነው። በምስክሮቹ ተራ ውስጥ የእኛ ስም አለ። ወረቀቱ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ነው። ሽማግሌው ዘመድ ሁሉ ከብት የሚያሰማራበትን ሜዳ ለአንድ ሰው አስተላልፈዋል። መሬት በአገራችን ሕግ አይሸጥም፣ አይለወጥምና ወረቀቱ ላይ ሽያጭ የሚል ቃል የለም። ያን ዕለት ገንዘቡ ሲቆጠር አይተናል፤ ሁለቱም ወገኖች መስማማታቸውን በጆሯችን ሰምተናል፤ ፈርመናል። ያልጠየቅነው አንድ ነገር ነበር፦ «ይህ ሜዳ የእርስዎ ብቻ ነው?» ገዢ ሆኖ የቀረበው ሰውም የሌላ ባለገንዘብ እጅ እንደነበር ያወቅነው አጥሩ ከታጠረ በኋላ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ከተራዊሕ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲለን የአሰብ ውል ትዝ አለን። ከ150 ዓመታት በላይ ያለፈው ያ ውልም ያልተጠየቀው ይኸው ጥያቄ ነውና፣ ታሪኩን ለውድ አንባቢያን ልናካፍል ወደድን።

ከረመዷን ሦስት ሳምንት በፊት

ጊዜው የሻዕባን ወር 1286 ዓመተ ሂጅራ ነው፤ ረመዷን ሊገባ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኖቬምበር 15 ቀን 1869 መሆኑ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 17፣ የስዊዝ ቦይ በታላቅ ድግስ ተመረቀ። እስከዚያች ዕለት ቀይ ባሕር ለአውሮፓ መርከቦች መውጫው የተዘጋ ጓሮ ነበር፤ ከዚያች ዕለት በኋላ ግን ወደ ህንድ የሚወስድ አውራ ጎዳና ሆነ። በዚህ ጎዳና ዳር ያለ፣ እስከዚያ ማንም ያልፈለገው የአሸዋና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሬት በአንድ ጀምበር ዋጋ አወጣ።

ወደ አሰብ የመጣው ገዢ ጁሴፔ ሳፔቶ ይባላል። ጣሊያናዊ ነው፤ ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ አገራችን በሚስዮናዊነት የተመላለሰ፣ በኋላም ዐረብኛ ያስተማረ ሰው ነው። ቋንቋውንም አገሩንም ያውቃል። ከእሱ ጋር የተዋዋሉት ሁለት የአፋር ወንድማማቾች፣ ሱልጣን ኢብራሂም እና ሱልጣን ሐሰን፣ የአሕመድ ልጆች ናቸው። ዋጋው 6,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ሆነ።

ገዢው በወረቀቱ ላይ የጄኖቫው የሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ነው፤ የእንፋሎት መርከቦቹ ከሰል የሚጭኑበት ማረፊያ ፈልጎ ነው ተባለ። ከኩባንያው ጀርባ ግን የጣሊያን መንግሥት ቆሞ ነበር። መንግሥት በስሙ ቢገዛ እንግሊዝና ግብጽ ይነሡበታል፤ ነጋዴ ቢገዛ ግን የንግድ ጉዳይ ይሆናል። ወንድማማቾቹ ለባለመርከብ እንደሸጡ ያስቡ ይሆናል፤ ከፊታቸው የነበረው ግን መንግሥት ነበር።

ሻጮቹ ሲበዙ

ውሉ ከተፈረመ በኋላ የሆነው ነገር ለእኛ ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። ሳፔቶ በ1870 መጋቢት ገደማ ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ውል ተጻፈ። በዚህኛው ከወንድማማቾቹ ሌላ የአካባቢው ሹም ተጨመረ፤ መሬቱም ሰፋ፣ ዋጋውም ጨመረ። ዘጠኝ ዓመት ያህል አለፈና ጣሊያኖች በ1879 መጨረሻ እንደገና ሲመጡ ደግሞ ከአሰብ በስተደቡብ ካለው ከራሃይታው ሱልጣን ቡርሃን ጋር ተዋዋሉ፤ በባሕረ ሰላጤው ያሉትን ደሴቶችና ተጨማሪ የባሕር ዳርቻ ከእሱ ገዙ።

በአንድ ባሕር ዳርቻ በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ዙር ውልና ሦስት ዓይነት ባለመብት ማለት ነው። ገዢው ባለቤቱ ማን እንደሆነ እርግጠኛ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ፊርማ ባልሰበሰበ ነበር።

አፋርን የሚያውቅ ሰው ለዚህ አይደነግጥም። በአፋር ባህል መሬት የጎሳ ነው። ሱልጣኑም ሆነ የጎሳው አባት መሬቱን የሚጠብቅ፣ እንግዳን የሚያሳርፍ፣ በጉድጓድና በግጦሽ ጉዳይ በሽማግሌ የሚዳኝ ነው፤ እንደ ጥሪት ገንዘብ ቆርጦ የሚሰጠው ነገር አይደለም። ለመጣ እንግዳ «እዚህ እረፍ፣ ከዚህ ጉድጓድ ጠጣ» ማለት ይችላል፤ እንግዳውም ለዚህ ስጦታ ይሰጣል። ይህን ልማድ ለሚያውቅ ሰው 6,000 ብር የማሳረፊያ ዋጋ ሊመስል ይችላል። ለጄኖቫው ባለ መርከብ ግን ያ ገንዘብ የዘላለም ባለቤትነት ዋጋ ነው። አንዱ እንግዳ አሳረፈ፤ ሌላው ቤቱን ገዛ።

እኛ በልጅነታችን በሸኾቻችን እግር ሥር ፊቅህ ስንቀራ የሽያጭ ምዕራፍ የሚጀምረው ከዋጋ አልነበረም። ሻጩ ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ይሁን፤ የሚሸጠው ነገር ይታወቅ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ እንነጋገራለን ተብለን ነው የተማርነው። ውሃና ግጦሽ ደግሞ የሰዎች የጋራ ሀብት መሆኑን በቃላችን ይዘን ነው ያደግነው። በዚህ ሚዛን የአሰብ ውል ገና ዋጋ ላይ ሳይደርስ ይቆማል።

ለአንድ ቀን ንጉሥ

በውሉ ላይ ክርክር ያነሡት ኃያላን ግን ይህን አልጠየቁም። እያንዳንዳቸው ሱልጣኑን የሚፈልጉት በሚጠቅማቸው መልክ ነበር።

ግብጽ ተቃወመች። የግብጹ ኸዲቭ ኢስማዒል ምጽዋንና ሱዋኪንን በ1860ዎቹ አጋማሽ ከኢስታንቡሉ የኦቶማን ሱልጣን ተረክቦ ነበርና የባሕሩ ዳርቻ በሙሉ የኦቶማን ነው፣ የአፋር ሹማምንትም ተገዢዎች ናቸው አለ። ተገዢ ደግሞ የጌታውን መሬት ለባዕድ መሸጥ አይችልም። አፋሮቹ ራሳቸው ግን ይህን ጌትነት አልተቀበሉትም። በ1875 የግብጽን ጦር ይዞ ወደ አውሳ የገባው ስዊዘርላንዳዊው ቬርነር ሙንዚንገር እዚያው ተገድሎ ቀርቷል።

ጣሊያን ደግሞ የለም፣ የራሃይታው ሱልጣን ማንም የማያዘው ነጻ ገዢ ነው አለች። ነጻ ካልሆነ ሽያጩ አይጸናምና። ፈረንሳይም ከዚህ ቀደም በ1862 ኦቦክን ከአፋር ሹማምንት በ10,000 ማርያ ቴሬዛ ብር ስትገዛ ይህንኑ መንገድ ተከትላ ነበር። በ1839 ኤደንን በጦር የያዘችው እንግሊዝ በበኩሏ ስለ ሱልጣኑ መብት የምትጨነቅበት ምክንያት አልነበራትም፤ የምትመለከተው ወደ ህንድ የሚወስደው መንገድ በማን እጅ እንደሚወድቅ ነበር።

እንግዲህ እናስተውል። ለግብጽ ሱልጣኑ መቼም ነጻ ሆኖ የማያውቅ ሰው ነው። ለጣሊያን ደግሞ ነጻ ሊሆን የሚገባው ለአንድ ቀን፣ ውል ለሚፈርምበት ቀን ብቻ ነው። ከፈረመ በኋላ ነጻነቱ ለማንም አይጠቅምም። እንዲያውም በማግስቱ እንቅፋት ይሆናል፤ የሸጠ ሉዓላዊ ገዢ ነገ «አልሸጥኩም» ሊል ይችላልና።

የሆነውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1882 ሩባቲኖ በአሰብ ያለውን ሁሉ ለጣሊያን መንግሥት በ416,000 ሊሬ አስረከበ፤ በዚያው ዓመት በጁላይ 5 በወጣ ሕግ አሰብ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ሆነች። በዚህኛው ሽያጭ ሱልጣኖቹ ሻጭም ምስክርም አልነበሩም። በ1885 መጀመሪያ ጣሊያኖች ቤይሉልን፣ ወዲያውም ምጽዋን ያዙ። ለከሰል ማረፊያ ተብሎ የተገዛው መሬት የአንድ ቅኝ ግዛት የመጀመሪያ ደጃፍ ሆነ።

ከዚያ በኋላ መሬቱን የሚካፈሉት ሌሎች ናቸው። በ1900 እና በ1901 ጣሊያንና ፈረንሳይ ከራስ ዱሜራ ጀምረው በአፋር ምድር ላይ ድንበር አሰመሩ። በ1908 ጣሊያን ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋዋል ወሰኑ ከባሕሩ 60 ኪሎ ሜትር ይግባ ተባለ። ዛሬ አፋር በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ ተከፍሎ ይኖራል። በ2008 በራስ ዱሜራ የኤርትራና የጅቡቲ ወታደሮች ሲታኮሱ ምክንያቱ ያው አሮጌ መስመር ነበር። ፍየል የሚያግድ ልጅ ግን መስመሩን በዓይኑ አያየውም፤ የሚያየው ጉድጓዱንና የዘመዶቹን ሰፈር ነው።

የፈረመ ሰው ድርሻ

አንዳንድ ጸሐፊዎች ኢብራሂምንና ሐሰንን አገር ሻጭ አድርገው ያልፏቸዋል። እኛ ለመፍረድ አንቸኩልም። በአንድ ወገን የግብጽ ጦር፣ በሌላ ወገን የጣሊያን መርከብ፣ ከባሕሩ ማዶ የኤደን መድፍ ተደቅኖባቸዋል። ምናልባት አንዱን ኃያል አስጠግተው ሌላውን ሊያርቁ አስበው ይሆናል፤ ይህን ያሰበ ገዢ በዚያ ዘመን ብዙ ነው። ጥፋታቸው ከሌላ ቦታ ይጀምራል፤ የብዙዎችን አማና በሁለት ሰዎች ፊርማ መስጠታቸው ላይ። አማና የተሰጠው ሰው ጠባቂ ነው። ጠባቂ በጠበቀው ነገር ላይ ብቻውን ከተዋዋለ፣ ዋጋው 6,000 ይሁን 416,000፣ ኪሳራው በልጅ ልጆቹ ላይ ያርፋል።

ወደ መስጂዳችን እንመለስ። ለመጡት ሰዎች መጀመሪያ የተናገርነው ስለ ራሳችን ነው። «የእኛ ፊርማ ገንዘብ መቆጠሩን ይመሰክራል፤ ሜዳው የእሳቸው መሆኑን አይመሰክርም። ይህን ያን ጊዜ መጠየቅ ነበረብን፤ አልጠየቅንም። አውፍ በሉን» አልን። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «እኔም እኮ ለማረፊያ የሰጠሁት መስሎኝ ነበር፤ አጥር ያጥራል አላልኩም» አሉ። ልጆቹ ዝም አሉ።

ጉዳዩ በዚያች ሰዓት አልተቋጨም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰዓት አይቋጭም። ከዒድ በኋላ በሜዳው ላይ ከብት ያሰማራ የነበረ ቤተሰብ ሁሉ እንዲሰበሰብ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው እውነተኛው ገዢም በአካል እንዲቀርብ ተስማምተናል። የሽማግሌው እጅ የተቀበለው ገንዘብ ካለ እንዲታሰብ፣ የልጆቹ መብት ካለ እንዲመለስ ይነጋገራሉ። እኛም በዚያ ቀን እንገኛለን፤ የምንቀርበው ግን እንደ ዳኛ ሳይሆን ሳይጠይቅ እንደፈረመ ሰው ነው።

ለእንደ እኛ ላሉ ኢማሞች፣ ለሽማግሌዎችና ለእድር ዳኞች ያለን አደራ አጭር ናት። በዚህ በተባረከ ወር ብዙ ወረቀት ይቀርብላችኋል፤ ሰው በረመዷን መጨባበጥ ይወዳልና። እስክሪብቶ ከመያዛችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ ነገር የማን ነው? ከእሱ ጋር የሚካፈሉት እነማን ናቸው፣ ያውቃሉስ? የሚገዛው ማን ነው፣ በፊታችን የቆመው ነው ወይስ ከጀርባው ያለው? ለሦስቱም መልስ ካላገኛችሁ መግሪብ እስኪደርስ ጠብቁ፤ አፍጥሩና በማግስቱ ተመልሳችሁ ጠይቁ። የአሰብ ሰዎች ይህን የሚጠይቅላቸው ምስክር አላገኙም።