ተረትና እውነታ፦ የጸጉር መሰኪያ ጽናቱን ከየት ያገኛል?

ረጅም ጸጉርን ጠቅልሎ ከማጅራት በላይ ለማቆም የሚሰካው ቀጭን ዘንግ፣ ከዚህ በኋላ በአጭሩ መሰኪያ የሚባለው፣ ከጸጉር ዕቃዎች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ማጠፊያ የለውም፣ ሞላ የለውም፣ የሚላላ ላስቲክም የለውም። በዚህም የተነሣ መሰኪያ ሲሰበር ጥፋቱ ወዲያው በጥሬ ዕቃው ላይ ይጣላል፤ «እንጨቱ መናኛ ነበር»፣ «ጥቁሩን ብትገዢ ኖሮ»፣ «ብረት ይሻልሽ ነበር» ይባላል። የመሰኪያን ዕድሜ የሚወስነው ግን የጥሬ ዕቃው ስም ሳይሆን እንጨቱ በምን አቅጣጫ እንደተፈለጠ፣ መሐሉ ምን ያህል እንደወፈረና ገጹ ምን ያህል እንደለሰለሰ ነው። ይህን መለየት በተለይ ጥሩ እንጨት ከጓሮ ለማይታጣባቸው ለሁሩሙ፣ ለያዮ፣ ለመቱና ለሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች ነዋሪዎች ገንዘብ የሚያተርፍ ዕውቀት ነው።

አስቀድሞ መታረም ያለበት፣ ጸጉርን በዘንግ መሰካት ከሩቅ ምሥራቅ ፊልም የተቀዳ አዲስ ፋሽን ነው የሚለው አስተሳሰብ ነው። ቻይናውያን «ጂ»፣ ጃፓናውያን «ካንዛሺ» የሚሏቸው መሰኪያዎች ረጅም ታሪክ እንዳላቸው አይካድም፤ ይሁን እንጂ በኢትዮጵያም ወለባ የሚባለው፣ ከብር ወይም ከወርቅ ተሠርቶ አናቱ በጌጥ የሚያልቀው የጸጉር መርፌ የቆየ የሴቶች ጌጥ ነው። ስለዚህ መሰኪያ የምትመርጥ ሴት የራሷን አገር ልማድ እየቀጠለች እንጂ የሰው ልማድ እየተዋሰች አይደለም።

ከሁሉም ይበልጥ የተስፋፋውና ከሁሉም ይበልጥ ገንዘብ የሚያስወጣው እምነት ከባድና ጥቁር እንጨት አይሰበርም የሚለው ነው። በምዕራቡ ቆላ የሚበቅለው ዞጲ ጥቁር ልቡ ውኃ ውስጥ እስኪሰጥም ድረስ ከባድ ነው፤ ጠንካራነቱም የታወቀ ነው። ሆኖም ጠንካራነትና አለመሰበር አንድ አይደሉም። ጠንካራ የሚባለው በቢላዋ ወይም በጥፍር በቀላሉ የማይጫር ነገር ሲሆን፣ የማይሰበር የሚባለው ደግሞ ሲጫኑት ጥቂት ጎብጦ ኃይሉን ከተቀበለ በኋላ ወደ ቦታው የሚመለስ ነው። እጅግ ጠንካራ እንጨት ይህን መጎበጥ ብዙ አይፈቅድም፤ ስለሆነም ቀጭን ተደርጎ የተቀረጸ ዞጲ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲወድቅ፣ ከእርሱ ቀለል ያለው የወይራ መሰኪያ ምንም ሳይሆን የሚተርፍበትን አደጋ ላያልፈው ይችላል። በዚያ ላይ ጥቁረት በራሱ ምስክር አይደለም፤ ማንኛውንም ነጭ እንጨት በቀለም ማጥቆር ስለሚቻል፣ ገዢዋ ጥጥ አርሳ ገጹን ብታሸው ቀለሙ ልቡ ድረስ የዘለቀ ወይም ላይ ላዩን የተቀባ መሆኑን ለመለየት ይረዳታል።

ዋናው ምሥጢር ያለው በቃጫው አቅጣጫ ነው። እንጨት ከሥር ወደ ላይ በተደረደሩ፣ በዓይን ለመለየት በሚያስቸግሩ ረዣዥም ቱቦ መሰል ሕዋሳት የተገነባ ሲሆን፣ የእነዚህ ሕዋሳት ድርድር ቃጫ ይባላል። እንጨት በቃጫው ርዝመት ሲጎተት ያለው ጽናት ቃጫውን አቋርጦ ሲጎተት ካለው ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ማገዶ በመጥረቢያ በርዝመቱ በቀላሉ ሲፈለጥ በአግድሙ ግን አልቆረጥ የሚለውም ለዚህ ነው። ቃጫው ከመሰኪያው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ቀጥ ብሎ የሄደ እንደሆነ ጭነቱን ሁሉም ሕዋሳት በርዝመታቸው ይሸከሙታል፤ ቃጫው ተንጋዶ በጎን የወጣ እንደሆነ ግን መሰኪያው የሚይዘው በሕዋሳቱ መካከል ባለው ደካማ መጣበቅ ብቻ ነው። የእንጨት ምርምር ይህን በቁጥር ያስቀምጠዋል፦ ቃጫው በየ10 ሳንቲሜትሩ 1 ሳንቲሜትር ወደ ጎን ቢያጋድል እንጨቱ ሲጎብጥ ከሚኖረው ጽናት ወደ 80 በመቶ ገደማ ይቀረዋል፤ በየ5 ሳንቲሜትሩ 1 ሳንቲሜትር ቢያጋድል ደግሞ የሚቀረው 55 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ማለት ቃጫው የተንጋደደ ውድ እንጨት ቃጫው ቀጥ ካለ ርካሽ እንጨት ሊያንስ ይችላል ማለት ነው። ከጣውላ በመጋዝ የተቆረጠ መሰኪያ የመጋዙን መስመር እንጂ የቃጫውን መንገድ ስለማይከተል፣ ጉጥ ያለበትም ከሆነ በጉጡ ዙሪያ ቃጫው ስለሚዞር፣ ሁለቱም በጥንቃቄ መታየት ይገባቸዋል። በአንጻሩ ተፈልጦ የተቀረጸ መሰኪያ በተፈጥሮው ቃጫውን ተከትሎ የወጣ ነው።

ከቃጫው ቀጥሎ የሚመጣው ውፍረት ሲሆን፣ እዚህ ላይ የብዙዎች ግምት ከእውነታው በጣም ይርቃል። መሰኪያ ጥቅሉን የሚያቆመው ከጥቅሉ ዳር ጥቂት ጸጉር ይዞ፣ ወደ ራስ ቅሉ ጠጋ ብሎ፣ ከዚያም በጥቅሉ ሥር አልፎ በሌላው ወገን ሲወጣ በሚፈጥረው ውጥረት ነው፤ ሁለቱ ጫፎች ወደ አንድ አቅጣጫ መሐሉ ወደ ተቃራኒው ስለሚገፉ፣ የመሰበር አደጋው የሚከማቸው በመሐሉ ላይ ነው። ክብ ዘንግ ሲጎብጥ ያለው ጽናት ከውፍረቱ ጋር እኩል ሳይሆን በውፍረቱ ሦስት ጊዜ ብዜት ያድጋልና፣ 4 ሚሊሜትር የነበረው መሐል 5 ሚሊሜትር ሲደረግ ጽናቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ 6 ሚሊሜትር ሲደረግ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ያንድ ሚሊሜትር ልዩነት ከእንጨቱ ዘር ልዩነት በላይ የሚሠራበት ጊዜ አለ። በመሐሉ ዙሪያ የተቆፈረ ቅርጽ ግን ይህን ትርፍ መልሶ ይበላዋል፤ ጭነት በጎድጓዳው ላይ ስለሚከማች ጌጥ ቦታው ከጥቅሉ ውጭ የሚቀረው አናት ብቻ ነው።

በኢሉባቦር ይህን ሁሉ የሚያሟላውና እምብዛም ያልታሰበበት እንጨት ቡና ነው። ሁሩሙ፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ የመዘገበው የያዮ የቡና ደን ከሚያካትታቸው ወረዳዎች አንዱ ነው፤ በአካባቢው ያረጀ ጓሮ ቡና ለማደስ ግንዱ ከመሬት በላይ ጥቂት ቀርቶት የሚቆረጥበት ሥራ ጉንደላ ይባላል። ከጉንደላ የሚወጣው ግንድ በአብዛኛው ማገዶ ይሆናል፤ ይህ የሚያስቆጭ ነው። የቡና እንጨት ነጣ ያለ፣ ክብደት ያለው፣ ቃጫው እጅግ ደቂቅና እርስ በርሱ የተጠጋ ስለሆነ ሲሞረድ እንደ ቀንድ ይለሰልሳል፤ ለመሰኪያ የሚፈለገውም ይኸው ነው። አሠራሩ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ የሚያጥረው እጅግ ጥቂት ሲሆን በጎኑ ግን ብዙ ይኮማተራል፤ ጫፎቹም ከመሐሉ ቀድመው ስለሚደርቁ ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ቅርፊቱ የተላጠው ግንድ ጫፍና ጫፉ በሰም ተቀብቶ፣ ሰም ደግሞ ማር በማይታጣበት አገር ችግር አይደለም፣ ጥላ ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ መሐል ለመሐል ይፈለጥና ከግንዱ እምብርት ያለው ለስላሳ ክር ተትቶ ከዳሩ ያለው ወገን ብቻ ይወሰዳል። እምብርቱ ያለበት መሰኪያ ሲደርቅ ከዚያው መስመር ስለሚሰነጠቅ፣ ቀጭን ቅርንጫፍ እንዳለ ልጦ መሰኪያ ማድረግ ፈጣን ቢሆንም ዕድሜ የለውም። ወይራም በዚሁ መንገድ ቢሠራ እጅግ ይጸናል። የቡና ጥላ የሆኑት ዋንዛና ብሳና ቀለል ያሉ በመሆናቸው ወፈር ተደርገው ካልተቀረጹ አይመከሩም፤ ብሳና በተለይ ለነቀዝ ይጋለጣል። ቁልቋልና ቅንጭብ ግን ወተታቸው ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ከነጭራሹ አይነኩም።

መሰኪያን ቅቤ ማጠጣት ያጸናዋል የሚለው እምነት ጸጉርን ቅቤ ከመቀባት ልማድ የመጣ ይመስላል። ቅቤ ለጸጉር የሚሰጠው ጥቅም ወደ እንጨት አይተላለፍም፤ ቅቤ በአየር አይደርቅምና በእንጨቱ ውስጥ እንደለሰለሰ ይቀራል፣ አቧራ ይይዛል፣ ከጊዜ በኋላም ይሸታል። እንጨትን በእርግጥ የሚጠብቁት ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕደው የሚጠጥሩ ዘይቶች ናቸው። ከእነዚህም የተልባ ዘይት ቀዳሚው ሲሆን የኑግ ዘይት ቀስ ብሎና በከፊል ይደርቃል። በስሱ ተቀብቶ፣ የተረፈው በጨርቅ ተወልውሎ፣ ለቀናት ነፋስ ላይ የቆየ መሰኪያ ውኃ በቀላሉ አይጠጣም። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ግን ተጨማድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ስለዚህ ተዘርግቶ መድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መነከር አለበት፣ ይህም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ነው።

ብረታ ብረት ዘላለማዊ ነው የሚለውም መለየት ይፈልጋል። ንጹሕ ብር ከተቀላቀለው ይጸናል ተብሎ ቢታመንም እውነታው ተቃራኒው ነው፤ ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ በእጅ ይጎብጣል፣ የሚያደርቀው መዳብ ሲቀላቀልበት ነው። ብር አንጥረኞች ለጌጥ ያቀልጡት የነበረው፣ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርትሬዛ ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ ከዚህ ብሩ 83 በመቶ ያህል ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ በመሆኑ ከእርሱ የተሠራ ጌጥ ከንጹሕ ብር ይልቅ ቅርጹን ይጠብቃል። የብር መጥቆር የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ በአየርና በላብ ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲዋሐድ ላዩ ብቻ የሚጠቁር ስለሆነ ይወለወላል። ተራ ብረት ግን ክረምቱ ረጅምና አየሩ እርጥብ በሆነበት በመቱ አካባቢ ይዝጋል፣ የዛገ ገጽም ጸጉር ይፍቃል፤ ኒኬል የተነከረ ከሆነ ደግሞ አንዳንድ ቆዳ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ያስነሣል።

ቀንድ ከጸጉርና ከጥፍር ጋር አንድ ዓይነት በሆነው ኬራቲን በሚባል ፕሮቲን የተገነባ በመሆኑ ጥሩ መሰኪያ ይወጣዋል፤ ነገር ግን ውኃ ከጠገበ ድርብርቡ ይላቀቃል፣ ሙቀት ካገኘውም ይጎብጣልና በዋንጫ ጽናቱ ተመክቶ ሙቅ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይገባም። ስለ ዝሆን ጥርስ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ንግዱ ሕገወጥ ነው፤ ኢትዮጵያም መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች።

መሰኪያ ጸጉር ይሰብራል፣ ይነቅላልም የሚለው ስጋት በከፊል እውነት አለው፤ ጥፋቱ ግን የዘንጉ አይደለም። ጸጉርን ከሥሩ የሚያሳሳው በየቀኑ በአንድ ቦታ አጥብቆ መጎተት ሲሆን፣ ጠባብ ሹሩባም ሆነ ላስቲክ ያንኑ ያደርጋል። ጸጉርን የሚሰብረው ደግሞ ሸካራ ገጽ ነው። ጸጉር በወር 1 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ 60 ሳንቲሜትር የደረሰ ጸጉር ጫፉ የአምስት ዓመት ዕድሜ አለው፤ ዕለት ዕለት የሚፍቀው መሰኪያ ጉዳቱን በዚሁ ጫፍ ላይ ያጠራቅማል። ከርዳዳ ጸጉር በየጥምዝምዙ ቶሎ ስለሚሰበር እጅግ የለሰለሰ ገጽ ይፈልጋል፤ ሉጫ ጸጉር ግን ከሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ላይ ስለሚንሸራተት የተወለወለ ግን ያላብረቀረቀ እንጨት ይሻለዋል። የሾለ ጫፍ ጥቅሉን በቀላሉ ይበሳል መባሉም ትክክል አይደለም፤ ቀስ በቀስ ቀጥኖ የሚደነብዝ ጫፍ እኩል ያልፋል፣ ራስ ቅልንም አይወጋም።

መሰኪያ ከመግዛት በፊት ምርመራው አጭር ነው። ዘንጉ በዓይን ደረጃ ተይዞ ሲታይ የቃጫው መስመሮች ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው መድረስ አለባቸው፤ በጎን እየወጡ የሚያልቁ ከሆነ ይተው። የናይሎን ካልሲ በገጹ ላይ ሲጎተት አንድም ቦታ መያዝ የለበትም፤ በፕላስቲክ መሰኪያ ላይ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ የቅርጽ ወገኖች የተገጣጠሙበት ስንጥር ነው። ርዝመቱም ከጥቅሉ ስፋት በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ቢተርፍ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የረዘመ በር ላይና መኪና ውስጥ እየተጋጨ ይሰበራል። እርጥብ ጸጉር ከደረቁ ይልቅ ደካማ ስለሆነ፣ እንጨትም ውኃ ሲጠጣ ቃጫው ስለሚቆምና ስለሚሻክር፣ ታጥቦ ባልደረቀ ጸጉር ላይ መሰካት ሁለቱንም ይጎዳል። የሻከረው በደቂቅ የብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ እንደገና ዘይት ሲቀባ ወደ ልስላሴው ይመለሳል፤ ጫፉ የተሸረፈውም ተሞርዶ ትንሽ አጥሮ ያገለግላል፤ መሐሉ የተሰነጠቀ ግን ጭነቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያው ስለሆነ በሙጫ ከማጣበቅ ሌላ መቅረጽ ይሻላል።